ጥጡ

ነርሷ የግሉኮሱን መርፌ ከአሮጊቷ ክንድ ለመንቀል ፕላስተሩን ላጥ ስታደርግ፣ ሽማግሌው ባል እጇን ያዝ አደረጓት።

«ቀስ በይ ልጄ፤ ያ እጇ ያማታል።»

ሚስታቸው ማረፋቸውን ነርሷ ከሩብ ሰዓት በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ ሳታድበሰብስ ነግራቸው ነበር። እሳቸውም «እሺ» ብለዋል። አሁን ደግማ ልትነግራቸው አፏን ከፈተችና መልሳ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «ይቅርታ እማማ» አለች ለሟቿ። መርፌውን ቀስ አድርጋ ነቀለችና እንደ ልማዷ ቦታውን በጥጥ ተጫነችው።

«ደሙ እስኪቆም በደንብ ያዢው» አሉ ሽማግሌው።

ጥጡን ጠብታ ደም አልነካውም። ሬሳ የሚወስዱት ሁለት ሰዎች ባለጎማውን አልጋ እየገፉ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፤ አንደኛው ሰዓቱን አየ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው «ቆመ?» አሏት።

ነርሷ ጣቷን አላነሳችም። «ገና ነው አባባ» አለቻቸው።