ብርሃኑን መልሺው

ታላቅ ወንድሟ ሳይቀመጥ ስልኩን ከኮምፒውተሯ አጠገብ አስቀመጠና ፎቶውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ይሄ የማን ቤት ነው?» አላት።

አጎንብሳ አየችው። አሁን ያሉበት ሳሎን ነው፤ ፎቶው ላይ ግን ዋሻ መስሏል። ግድግዳው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጣሪያው ስር ያለችው መዳፍ የማታክል የእርጥበት ምልክት ጠቁራ እንደ ቁስል አፍጣለች።

«የእኛ ነው፣ ጋሼ» አለች።

እናታቸው ካረፉ ወዲህ ሦስቱም ልጆች ቤቱን ለመሸጥ ተስማምተዋል። ተስማምተዋል ሲባል ሁለቱ ታላላቆች ወስነው ለእሷ ነገሯት ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እናቷን ያስታመመችው እዚህ ቤት ነው፤ አሁንም ብቻዋን የምትኖረው እዚሁ ነው። ሥራዋ የሠርግ ፎቶ ማሳመር ስለሆነ፣ የሙሽሮችን ጥርስ ስታነጣ፣ የሚዜዎችን ላብ ስትጠርግ ስለምትውል፣ ወንድሟ የቤቱንም ፎቶ አንሺና ኢንተርኔት ላይ አውጪው ብሎ ለእሷው ጣለው። እሺ ብላ አነሳች፤ አወጣችም። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልደወለም።

ትናንት ግን ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ያየ አንድ ደላላ በሰፈሩ ሲያልፍ ቤቱን በዓይኑ አየና ለወንድሟ ደወለ። ይህን ቤት እንዲህ አድርጎ ያነሳው ሰው ጠላታችሁ መሆን አለበት አለው።

«ካሜራው ነው እንዳትዪኝ» አለ ወንድሟ። «የሚያውቅ ሰው ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

እሷም ካሜራው ነው አላለችም። ብርሃኑን ያወረደችው፣ የከሰዓቱን ቢጫ ፀሐይ ወደ ሰማያዊ የገፋችው፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን ምልክት ለይታ ያጎላችው ራሷ ናት። ለአንድ ፎቶ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም።

«እናቴን አስታመምኩ ብለሽ ቤቱን ልትወርሺ ነው?»

«አንተ ስንት ቀን መጥተህ አየሃት?»

ጋሼ የሚለው ቃል ከአፏ ሳይወጣ ቀረ። መቅረቱን ሁለቱም ሰሙት።

ወንድሟ ወንበር ጎትቶ ትከሻዋን እስኪነካ ድረስ ተጠግቷት ተቀመጠ። ፎቶዎቹን አሁኑኑ፣ ዓይኑ እያየ እንድታስተካክል አዘዛት። እምቢ ካለች ለታላቅ እህታቸው እንደሚነግር፣ ነገ ጠዋት የበሩን ቁልፍ አስቀይሮ ዕቃዋን ውጭ እንደሚያወጣ አስረዳት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ለሚጠላው ጎረቤት የሚናገር ነው የሚመስለው።

ሌላ የምትሄድበት ቤት የላትም። ማውሱን ያዘች።

የብርሃኑን መስመር ወደ ቀኝ ሳበችው። ግድግዳው ክሬም ቀለሙ ተመለሰለት። ሰማያዊውን ስትቀንስ ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። «ጨምሪ» አለ ወንድሟ። ጨመረች። «ጨምሪ።» የእርጥበት ምልክቷን ከጎኗ ባለው ንጹሕ ግድግዳ ሸፈነቻት። ጥላ የዋጠው የእናታቸው ወንበር ወጣ፤ የእጅ ማሳረፊያው ላይ ጨርቁ የሳሳበት ቦታ ሳይቀር ታየ። ወንድሟ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። የሆነ ነገር የሚናገር መስሏት እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

«ይሄ ምንድነው?» አለ።

የሚያሳያት ወንበሩን አልነበረም፤ ከጀርባው ያለውን ቡፌ ነው። መስታወቱ ውስጥ፣ በስኒዎቹና በብርጭቆዎቹ መሃል፣ አንዲት ሴት ቆማለች። ባዶ እግሯን ናት፤ የሰፋት የአሮጊት ሹራብ ለብሳለች፤ ካሜራው ፊቷን ከልሎታል። ያን ቀን ፎቶውን ስታነሳ መስታወቱ ይዟታል። ራሷ ባመጣችው ጨለማ ውስጥ ሦስት ወር ሙሉ ቆማ ስትኖር ራሷም አላየቻትም ነበር።

«አጥፊው» አለ ወንድሟ።

«እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። አጥፊው።»

እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃለች። ስንቱን ያልተጋበዘ ሰው ከሠርግ ፎቶ አውጥታለች። ከጎን ካሉት ስኒዎች ምስል እየቀዳች ከእግሮቿ ጀመረች፤ ከዚያ ሹራቡን፤ ከዚያ ፀጉሯን። እጆቿ አስቸገሯት፤ ካሜራውን አጥብቀው ስለያዙት ሁለት ጊዜ መደጋገም ነበረባት። በመጨረሻ ስኒዎቹ ተደርድረው እስከ ዳር ቀጠሉ።

ወንድሟ ፎቶውን ለደላላው ላከ። ከወንበሩ ሳይነሳ ስልኩ ጠራ። አንስቶ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁ ወዲያው ለሰለሰ።

«አዎ፣ ራሱ ነው» አለ፣ ትከሻው ትከሻዋን እንደነካ። «ባዶ ነው። ማንም የለበትም። ዛሬውኑ መጥተው ማየት ይችላሉ።»