የአድሚራሉ ማዕረግ

«በል እንግዲህ፣ ማዕረጉን እንጀምረው» አለ ሉደከ፣ የእርሳሱን ጫፍ በምላሱ እያራሰ። «እኔ ለገዛ እናቴ እንኳ እንዲህ አክብሬ ጽፌ አላውቅም።»

አስር አለቃ ሃርትቪግ አልሳቀም። የምስጢር መጻፊያ ማሽኑን ክዳን ከፍቶ ሦስቱን መዘውሮች በዕለቱ ሰንጠረዥ መሠረት አስገባ፤ ከፊት ያሉትንም ገመዶች ሰካ። ሥራው የሁለት ሰው ነው። ሃርትቪግ አንድ ፊደል ሲጫን ከላይ ባሉት ትንንሽ መብራቶች ላይ ሌላ ፊደል ይበራል፤ ሉደከ የበራውን ይጽፋል። መዘውሩ በተጫኑ ቁጥር ስለሚዞር፣ ያንኑ ፊደል ሁለት ጊዜ ቢጫኑት እንኳ የሚበራው ሌላ ነው። ዋናው መምሪያ ያለው ሰው ማሽኑን እንደነሱ አስተካክሎ ያንን ዝብርቅርቅ ሲጫነው ጽሑፉ ተመልሶ ይወጣለታል።

የዛሬው መልእክት አጭር ነበር። ነዳጅ የጫነችው መርከብ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከዚህ የኖርዌይ ወደብ ተነስታ በየትኛው ደሴት በኩል ወደ ሰሜን እንደምትጓዝ ይናገራል። የሃርትቪግ ታናሽ ወንድም ኤገን የሚሠራው እዚያች መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ትናንት ምሳ አብረው በልተው፣ ኤገን የሃርትቪግን አዲስ የሱፍ ካልሲ አጥልቆ ሄዷል።

አለቃቸው ሻለቃ ዴርንባህ ገባ። ሃርትቪግ ብድግ አለ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ማዕረጉን መሐል ላይ እንክተተው። ደንቡ ይፈቅዳል።»

«የአድሚራሉን ማዕረግ? መሐል? እንደ ቋሊማ ሥጋ?»

«ስምንት ወር ሙሉ መልእክታችን ሁሉ በዚያው ባለ ስልሳ ፊደል ማዕረግ ነው የሚጀምረው። ጠላት አየሩን እያዳመጠ ነው። አንዴ ማዕረጉን ከገመተ ከዝብርቅርቁ ጎን አስቀምጦ የቀኑን አሰካክ ይደርስበታል። ኮርስ ላይ ያስተማሩን ሽማግሌ፣ የማሽኑን ምስጢር የሚሰብረው የእናንተ ልማድ ነው ይሉን ነበር። ከዚያ የባሰው ደግሞ አንድን መልእክት ሁለቴ መላክ ነው፤ ጠላት ሁለቱን አስተያይቶ ይፈታዋል ይሉ ነበር።»

«ልጄ፣ ባለፈው ዓመት ማዕረጉን ያሳጠረው መቶ አለቃ ዛሬ የት እንዳለ ታውቃለህ? ሩስያ በረዶ ይዝቃል።»

«ወንድሜ መርከቧ ላይ ነው ጌታዬ።»

ሻለቃው ኮፍያውን አውልቆ ራሰ በራውን አሻሸ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ፈሪ ግን ነበር፤ ፈሪነቱንም ራሱ ያውቀዋል።

«ለዛሬ ብቻ» አለ በመጨረሻ። «ጣጣ ከመጣ አካፋውን አብረን እንይዛለን።»

ሃርትቪግ መልእክቱን ከመርከቧ ጀመረ። ማዕረጉን ከደሴቱና ከመነሻው ሰዓት መካከል ሸጎጠው። ሉደከ ወረቀቱን ለሬዲዮ ክፍሉ ሰጥቶ ሲመለስ፣ ሃርትቪግ ከጠዋት ጀምሮ ያልነካውን ጥቁር ዳቦ እየገመጠ ነበር። ደስ ብሎታል። በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን በትክክል ሠራ።

ዳቦው ሳያልቅ መልሱ መጣ። አሁን ሃርትቪግ ዝብርቅርቁን ይጫናል፤ መብራቶቹ ደህናውን ቃል ያወጣሉ። ሉደከ ሲጀምር እያፏጨ ነበር፤ ኋላ ማፏጨቱን ተወ። ሲጨርስ ወረቀቱን ለሻለቃው ሰጠው። ሻለቃው ጮክ ብሎ አነበበው።

«የክቡር አድሚራሉ ማዕረግ ያለ ቦታው ተገኝቷል። ማዕረጉ ብቻ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ፣ ሌላው አንድ ቃል ሳይለወጥ፣ መልእክቱ ባስቸኳይ እንደገና ይላክ።»

ሃርትቪግ ወረቀቱን ከሻለቃው እጅ ተቀብሎ ራሱ አነበበው።

«ሁለቴ ሊሆን ነው» አለ ሃርትቪግ። «እባክዎ መርከቧ ነገ ትነሳ ይበሏቸው።»

«ለምን ቢሉኝ ምን ልበል? የማሽናችን ምስጢር ይሰበራል ልበል? እንኳን ሊጻፍ፣ ሊታሰብም አይፈቀድም።»

«የመብራቱ ሽቦ ተቃጠለ እንበላ» አለ ሉደከ።

«አሁን ተጠቅመንበት አይደል እንዴ ያነበብነው?» አለ ሻለቃው። ማንንም ሳያይ ኮፍያውን ደፋ። ከዚያ መጥቶ እጁን ሃርትቪግ ትከሻ ላይ አሳረፈ። «በሰላም ይደርሳል። ባሕሩ ሰፊ ነው።»

ሃርትቪግ ተቀመጠ። መዘውሮቹን ለአዲሱ መልእክት አዞረ። ማዕረጉን ለመጫን ማየት አላስፈለገውም፤ ጣቶቹ ለምደውታል፤ ስልሳውም ፊደል አንድ ሳይሳሳት ወጣ። የመርከቧ ስም ወጣ። ደሴቱ ወጣ። የመነሻው ሰዓት ላይ ሲደርስ ጣቱን ቁልፉ ላይ እንዳሳረፈ ቆየ። ሻለቃው አላጣደፈውም፤ ሉደከም እርሳሱን ይዞ ጠበቀ።

ከዚያ ተጫነው። አንዲት ፊደል በራች፤ ሉደከም ጻፋት።