አልሰነጠቅ ያለው አስፋልት

የመፈተኛው ማሽን ጎማ ለሙከራ በተነጠፈችው አሥር ሜትር አስፋልት ላይ ሲመላለስ አራተኛ ወሩን ያዘ። የሃያ ዓመት የጭነት መኪና ጫና በሦስት ወር የሚያሳርፍ ማሽን ነው። ኢንጂነሩ የሚጠብቀው ስንጥቅ ብቻ ነው፤ መቼ እንደሚሰነጠቅ ካላየ፣ እሱ የነደፈው መንገድ ስንት ዓመት እንደሚቆይ መናገር አይችልም። በየጠዋቱ ተንበርክኮ አስፋልቱን በመዳፉ ይዳብሳል። የፀጉር ያህል እንኳ ስንጥቅ የለም።

«ምናለ አንዴ ብትሰነጠቅልኝ» ይላል ጥርሱን ነክሶ።

አለቃው በየቀኑ ይደውላል። «ካልተሰበረ ጠንካራ ነው ማለት ነው፤ ምን ያስጨንቅሃል? ሕዝቡ መንገድ እየጠበቀ ነው።»

በመጨረሻ መረረውና «ከሃያ ዓመት በላይ ይቆያል» ብሎ ጽፎ ፈረመ። በወሩ በዚያው ንድፍ የስልሳ ኪሎ ሜትሩ መንገድ ሥራ ተጀመረ። የእሱ ንዴት ግን አልበርድ አለ፤ ያቺን አሥር ሜትር አስቆፈራት። ሜትር ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ከአስፋልቱ ሥር የሚነጠፈው፣ በንድፉ ላይ ሃያ ሴንቲ የነበረው ጠጠር አርባ ሆኖ አገኘው።

ያነጠፉትን ፎርማን፣ ጋሽ ሽብሩን፣ አስጠራ።

«ምንድን ነው ያደረጋችሁት?»

«ሥራው ይፈተናል ሲሉን አዘንልህ» አሉት ሽማግሌው ፈገግ ብለው። «ንድፍህ ስስ ነበር። በሰው ፊት እንዳታፍር ብለን እጥፍ አደረግንልህ።»

ኢንጂነሩ ወዲያው ጠየቀ፦ «የስልሳ ኪሎ ሜትሩስ?»

«እሱንማ» አሉ ጋሽ ሽብሩ ኮራ ብለው፣ «ልክ እንደ ንድፍህ ነው የምንሠራው። አንዲት ጣት አልጨመርንበትም።»