ወደ ኋላ የሄደችው የባላምባራስ ጀልባ

ኪኪኪኪ... ቆይ... ቆይ ልሳቅና ልንገራችሁ!

ኧረ ሆዴን... ጀልባይቱ እኮ ወደ ኋላ ነው የሄደች!... የኋሊት!

ግን ሳቃችሁን እንዳትጨርሱት... ማሩ ያለው መጨረሻው ላይ ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ነው... ጣሊያን ከወጣ ወዲህ።

ኮሶዬ ላይ ባላምባራስ ሐብተ ማርያም የሚባሉ ባለጸጋ የናፍጣ ወፍጮ ነበራቸው።

ወፍጮውን የሚያስነሣው ነጋ የሚባል መካኒክ ነው... የትርንጎ ባል።

አንድ ቀን ባላምባራስ ብድግ አሉና "ሞተሩን ንቀልና ጎርጎራ ወስደህ ጀልባዬ ላይ ግጠምልኝ! በጣና ላይ እህል እጭንበታለሁ!" አሉት።

ትርንጎ ሰውየውን አትወዳቸውም። ካባቸውን ደርበው፣ አንገታቸውን ሰብቀው ሲያልፉ ባየች ቁጥር...

"ምነው ይሄ ሰው፣ ምድሩ አልበቃው ብሎ ውኃ አማረው?" ትላለች።

ነጋ ግን ደስታው ሌላ! ከወይራ ግንድ መቀመጫ ጠርቦ፣ ሞተሩን በቡሎን ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ከሞተሩ የሚወጣውን ረዥም ብረት ደግሞ ከጀልባዋ ኋላ፣ ውኃውን ከሚቀዝፈው ክንፍ ጋር አገናኘው።

የምረቃው ቀን ጎርጎራ በሰው ጢም አለች።

አንድ ቁጡ ሹም ተጋብዘው መጥተው፣ ዳር ላይ ጥላ ተይዞላቸው ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው የታሰበ... ጀልባይቱ አፍንጫዋን ወደ ሹሙ አዙራ ውኃው ላይ ትቆማለች። ሞተሩ ሲነሣ ቀጥ ብላ ወደ እሳቸው ትመጣለች። እሳቸውም ይሳፈራሉ።

ሹሙ ጣታቸውን ቀሰሩ...

"ይሄ ብረት በሰው ፊት ካዋረደኝ፣ የገጠመው ሰው እዚያ ዋርካ ሥር ጀርባው ተገልጦ ይገረፋል!"

ትርንጎ የባሏን ስንቅ ይዛ እዚያው ቆማ ነበር።

ባላምባራስም ሰምተዋል። ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ነጋ ሞተሩ አጠገብ ወደቆመባት ጀልባ ወጡ።

"አስነሣው!"

ዱግ... ዱግ... ዱግዱግዱግዱግ!

እልልታው ቀለጠ!

ጀልባይቱ ነቅነቅ አለች... እና...

ወደ ኋላ!!!

እልልታው ጉሮሮ ላይ ቀረ።

"በስመ አብ!" አሉ ቄሱ።

"ኧረ ትሸሸናለች!" አለች አንዷ።

ታንኳ ቀዛፊው አያ አለነ ደግሞ "ሞተሩ እኮ እህል ነው የለመደ! ውኃ ሲያይ ደንግጦ ነው!" አይሉም!

ነጋ ሞተሩን አጠፋው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ስሕተቱ አሁን ነው የገባው...

ወፍጮ ቤት እኮ ድንጋዩ በተቃራኒው ከዞረ መላ አለው። ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አንዴ ጠምዘዝ አድርጎ ማጥለቅ ነው፣ አዟዟሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ነጋ ሞተር በየት በኩል እንደሚዞር ተጨንቆም አያውቅ።

ጀልባ ላይ ግን ምን ቺንጋ አለ? ብረቱ ከክንፉ ጋር ቀጥታ ነው የተጋጠመ። ሞተሩ ክንፉን በተቃራኒው ሲያዞረው... ጀልባይቱ የኋሊት!

ሹሙ ከወንበራቸው ተነሡ።

"ያንን ሰው አምጡልኝ!"

ጅራፍ የያዘው ሎሌ ወደ ዋርካው አመራ።

ትርንጎ "እመቤቴ ድረሽልኝ!" ብላ ስንቁን ጣለችው።

ይሄኔ ባላምባራስ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆሙ... ካባቸውን ገለጥ አድርገው... ወገባቸው እስኪቆረጥ እጅ ነሡ!

"ጌታዬ! እንዲህ ግጠም ያልኩት እኔ ነኝ! ለሹም ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ባለጌ ነው። የእኔ ጀልባ ጨዋ ናት፤ እጅ እየነሣች የኋሊት ነው የምትወጣ!"



"እና ወደ ፊት የምትሄደው መቼ ነው?" አሉ ሹሙ።

"እርስዎ ሲፈቅዱላት!"

ሹሙ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ... ከዚያ በሳቅ ፍርስ! ጎርጎራ በሙሉ ፍርስ! ጅራፉ ተጠቀለለ።

ጀልባይቱን በታንኳ ጎትተው መለሷት። ነጋም ኋላ ለሞተሩ የሚስማማ ክንፍ አስመጥቶ አቃናት።

ስሙ ግን አልተቃናም... ባላምባራስ የኋሊት!

ገበያ ሲወጡ ጎረምሳው የኋሊት እየሄደ እጅ ይነሣቸዋል። አዝማሪው በየሠርጉ ይገጥምባቸዋል።

ከሁሉ አብልጣ የምትስቀው ትርንጎ!

"አይ ትዕቢት! አልሆነልኝም ከማለት ጀልባን ጨዋ አላት!"

ሰውየው ይሰማሉ... እንዳልሰማ ያልፋሉ።

ኖረው ኖረው ዐረፉ።

ልቅሶው ላይ ትርንጎ ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ ብላ "ዛሬስ ሬሳው በየት በኩል ነው የሚወጣ... የኋሊት?" ብላ ክክክ!

ነጋ እጇን ጨምድዶ ያዛት። ዓይኑ ቀልቷል።

"ጀርባዬን ታውቂዋለሽ?"

"ምነው? ባሌ አይደለህ?"

"አንድ ሰንበር አለበት?"

"የለበትም..."

"በማን ይመስልሻል?"

ትርንጎ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

ነጋ ነገራት... ጥፋቱ የራሱ እንደነበር። ባላምባራስ ጀልባዋ ላይ ፊቱ አመድ ሲሆን አይተው ነገሩ እንደገባቸው። ሲወርዱ በጆሮው አንድ ቃል ተናግረው "በሕይወት ሳለሁ ብትተነፍስ ሹሙ ተታለልኩ ብሎ ይመለስብሃል" ብለው እንዳስማሉት።

ትርንጎ መሬቱ ላይ ዘጭ አለች። "እኔን! እኔን አፈር ያስበላኝ!" እያለች ደረቷን ደቃች... ልቅሶ ቤቱ ደነገጠ። የሥጋ ዘመድ እንኳ እንደሷ አላለቀሰም!

አያችሁልኝ ልጆቼ... የሚሣቅበት ሁሉ ሞኝ አይደለም። አንዳንዱ የሰው ጅራፍ በስሙ ላይ ተቀብሎ ነው ዝም ያለ።

እስቲ ሳትዋሹ... እናንተስ ለሠራተኛችሁ ስትሉ ዕድሜ ልካችሁን መሣቂያ ትሆኑ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ!

ማሩን የረሳሁት መስሏችሁ ነው? ያን ቀን ባላምባራስ ከጀልባ ሲወርዱ በነጋ ጆሮ ያሏት ቃል ይህቺው ናት...

"በእኔ ይሣቁ ነጋ... እኔ ሳቁን በካባዬ እሸፍነዋለሁ። ያንተ ጀርባ ግን ካባ የለውም።"