የሴሲል ዊትል ቀይ ምድር

ሴሲል ዊትል ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሳለው ቀይ ምድር ነው። ቀይ ሜዳ፣ ቀይ ኮረብታ፣ በቀዩ መካከል የቆሙ ነጫጭ የባሕር ዛፍ ግንዶች። ሜልቦርን ውስጥ ሰፊ ሳሎንና ደህና ገቢ ያለው ሰው ሁሉ አንድ የዊትል በረሃ ግድግዳው ላይ ካልሰቀለ እንግዳ አይጠራም ነበር።

ሰውየው ግን የበረሃ ሰው አይመስልም። ዝናብ የማይጠፋበት የጊፕስላንድ ላም አርቢ ልጅ ነው፤ ፀሐይ ትንሽ ከጠነከረች ጥላ ፍለጋ ይሮጣል። በወጣትነቱ የመንደሩ ክሪኬት ቡድን አባሮታል። ቀይዋ ኳስ ሳሩ ላይ እግሩ ሥር ተቀምጣ እሱ ሌላ ቦታ ሲፈልጋት ተጋጣሚ ነጥቡን ሰብስቦ ይጨርሳል። ሰነፍ ነው አሉት፤ እሱም አልተከራከረም።

ሚስቱ ቬራ በተቃራኒው የብሮክን ሂል ማዕድን ቆፋሪ ልጅ ናት። እዚያ አፈሩ ቀይ፣ አቧራው ቀይ ነው፤ ታጥቦ የተሰጣ አንሶላ እንኳ ቀልቶ ነው ከገመድ የሚወርደው።

ሐሜቱ የተነሳው ከዚህ ነው። በየዐውደ ርእዩ ቬራ የባሏን ክንድ ይዛ አትለቅም። ስለ ሥዕሉ እሱን ሲጠይቁት የምትመልሰው እሷ ናት። ጋዜጣ የምታነብለት እሷ፣ ለሥዕሎቹ ስም የምታወጣው እሷ፣ ቀለም የምትገዛው እሷ። ለቲማቲም እንኳ ልካው አታውቅም፤ «ጥሬውን ለቅሞ ይመጣል» ትላለች።

«እኔ የምለው፣» አለ አንድ ቀን መጠጥ ቤት ውስጥ የሰፈሩ አናጢ፣ «የሴትየዋን ጣቶች አይታችኋል? ሁልጊዜ ቀለም በቀለም ናቸው። የእሱ እጅ ግን ቢራ ይዞ ነው የማየው።»

«ታዲያ እሷ ስላ እሱ ይፈርማል በለና!» አለ ሌላው።

ጠጪው ሁሉ ሳቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሴሲል ምንም አልሰማም።

የከተማው ትልቅ የሥዕል አዳራሽ የዕድሜ ልክ ሥራውን በአንድነት ሊያሳይለት በተሰናዳ ጊዜ ግን ሃዋርድ ፔንግሊ ብዕሩን አነሳ። ፔንግሊ የሥዕል ሐያሲ ነው፤ ከእኔ በላይ ነፋስ የሚል ሰው። «ለመሆኑ ዊትልን በረሃ ውስጥ ያየው አለ? የቀዩ አፈር ልጅ ሚስቱ ናት» ብሎ ጻፈ። የአዳራሹ ኮሚቴ ደነገጠ። ዊትል በፊታችን ካልሳለ ዝግጅቱ ይሰረዛል አለ።

ሴሲል ወሬውን ሲሰማ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ዕድሜው ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ዳግመኛ እንደማይመጣ ያውቃል።

«የሳልኩት ሁሉ ያንቺ ነው አሉ፣ ቬራ።»

«ይበሉዋ! ቅዳሜ ሄደህ ትስልላቸዋለህ።»

«ከጎኔ አያስቀምጡሽም እኮ። ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ምንም። አንተ ሳል ብቻ። ወሬውን ለፔንግሊ ተውለት፤ እንጀራው ነው።»

እንዲህ ትበል እንጂ እሷ ከእሱ ብሳ ፈርታ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሻይዋን ሁለት ጊዜ ደፋች።

አዳራሹ በር ላይ ፔንግሊ የቀለም ሣጥኑን አስከፈተ። ከየቀለሙ ቱቦ ላይ የፋብሪካው ወረቀት ተልጦ፣ በምትኩ በቬራ እጅ የተጻፈ ቁጥር ተለጥፏል።

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?»

«የፋብሪካው ጽሑፍ ደቃቅ ነው፤ ዓይኑን ያደክመዋል» አለች ቬራ።

«ሚስት ብቻ ሳይሆኑ ሞግዚትም ነዎት ለካ!» አለና ሸራውን አገላብጦ ፈተሸ። ተሸሽጎ የተነደፈ ነገር የለበትም። ቬራን የኮሚቴው ወይዛዝርት ወደ ጎን ክፍል ወስደው ሻይና ኬክ አቀረቡላት፤ አልነካችውም።

ሴሲል ኮቱን አወለቀ። ቁጥሩን እያየ ቀለሙን ጨመቀ። ወዲያው ሰዎቹ መኖራቸውን ረሳ። ከሰዓት በኋላ ላይ ያ የታወቀው ሜዳ በፊታቸው ተዘረጋ። ፍም የመሰለ ምድር፣ ነጫጭ ግንዶች፣ ሩቅ ላይ ጥቂት ድንጋይ የሚመስሉ ጥቁር ነጠብጣቦች። የዊትል መሆኑን ሕፃን ልጅ እንኳ ይለየዋል።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ፔንግሊም፣ አይካድም፣ እንደ ጨዋ ሰው ቀርቦ ጎንበስ አለ።

«አቶ ዊትል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በድዬዎታለሁ። ነገ በጋዜጣዬ እጽፈዋለሁ።»

«ምንም አይደል፣ ወንድሜ።»

ቬራ ጭብጨባውን ሰምታ ከጎን ክፍል እየሮጠች ወጣች። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወደ ባሏ ስታመራ ፔንግሊ ቀደማት።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ይህ በረሃ የት ነው?»

«የምን በረሃ?» አለ ሴሲል በጣቱ ቀዩን ምድር እያሳየ፣ እየሳቀ። «የአባቴ የላሞች መስክ ነው እንጂ! ዝናብ ሲያገኝ ሳሩ እንዲህ አረንጓዴ ይሆናል።»