የቆመው እንስራ

በአራዳ እንደ እኔ ቤት የምትይዝ ልጅ የለችም፤ እኔ ከሌለሁ ቤታችን ይሞታል። ክረምቱን ከነጋዴው አባቴ ጋር ወሎ ገጠር ከርመን በመስከረም ተመለስን። እሱ ወዲያው ገበያ ወረደ፤ የቆለፍነውን በር ብቻዬን ከፈትኩ። ቤቱ ተጠርጓል። ስሄድ ደፍቼው የነበረው እንስራ ቆሟል፤ ውሃ እስከ አፉ ሞልቶታል። የማዝልበት ገመድ እንኳ ገና እርጥብ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ሙሉእመቤት ዘንድ ሮጥኩ። በአራዳ ከሳቸው ሌላ ማን ይናፍቀኛል ብዬ?

«እትዬ፣ ናፈቅኩዎት?»

«ምን ትናፍቂኛለሽ? ክረምቱን ሙሉ ማለዳ ማለዳ ውሃ ስትቀጂ አይሽ አልነበር?»

«እኔ እኮ ወሎ ነበርኩ!»

«እንግዲያው እዚያው በቀረሽ። ያቺኛዋ መጀመሪያ እንደምን አደሩ ትላለች።»