ጀልባዋ ስትዞር

እናቲቱ የላምባ ጠርሙሷን በነጠላዋ ሸፍና አሰብ ባሕር ዳር ተቀምጣለች። መልህቅ የጣለችው ጀልባ አፍንጫዋን ወደ የብስ አዙራ ራቅ ብላ ትወዛወዛለች። ከስምንት ወር በፊት ልጇን ይመርን ከዚህች ጀልባ ላይ ማዕበል ወሰደው፤ ባለጀልባው ብቻውን ተመለሰ።

"የይመር እናት፣ ዛሬም እሷን ትጠብቂያለሽ?" አሏት መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ። "አሁን ውሃው እየሸሸ ስለሆነ ወደ ጥልቁ ስቧታል። ሲመለስ ዞራ ኋላዋን እዚህ ታመጣልሻለች፤ በእግርሽ ትደርሺባታለሽ።"

"ባለጀልባው ኋላዋን ሸራ ያለበሳት ለምንድን ነው፣ አባባ?"

"ስም ጽፎባት ነው፤ ቀለሙ እስኪደርቅ። እዚህ ሁሉም ጀልባውን በልጁ ስም አይደል የሚጠራው?"

"እሱማ የሚጠራው ልጅ አለው!" አለች ጥርሷን ነክሳ።

ሽማግሌው ለጁምዓ ሶላት ሄዱ። ባለጀልባውም መስጊድ ነበር። ውሃው መመለስ ሲጀምር ጀልባዋ በመልህቋ ገመድ ላይ ቀስ ብላ ዞረች። እናቲቱ እስከ ወገቧ ገባች፤ ላምባውን ሸራው ላይ አርከፈከፈች፤ ሻሿ ውስጥ የሸጎጠችውን ክብሪት አውጥታ ጫረች።

"እኔ እንደነደድኩ አንተም ንደድ!"

ሸራው እየነደደ ተቀዶ ውሃው ላይ ወደቀ፤ እሳቱ ግን እንጨቱን ይዟል። ከሥሩ ትልልቅ ነጭ ፊደላት ብቅ አሉ። መሠረተ ትምህርት ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ በጣቷ እየተከተለች አንድ በአንድ ለቀመቻቸው።

ይ።

መ።

ሦስተኛው ላይ እሳቱ ቀድሟት ደረሰ።